የቫን ጎግ ሱፍ አበባ በደሴ ግድግዳ፦ ይሰቀል ወይስ አይሰቀል?

አወያይ፦ ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። የዛሬው ክርክር የመጣው ከአንድ የወጣት ማዕከል ንባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ባዶ ነው። በተዋጣው ብር የቫን ጎግን «የሱፍ አበቦች» በእጅ የተሣለ ቅጂ ከሰፈር ሰዓሊ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ገሚሱ እሰየው አለ። ገሚሱ ደግሞ «የሰው ሥዕል ገልብጦ መስቀል ምን የሚሉት ነው?» ብሎ ተነሣ። ለማያውቅ፦ ሥዕሉን ኔዘርላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1888 ነሐሴ ላይ፣ ደቡብ ፈረንሳይ አርል ከተማ ሣለው። ቢጫ ማሰሮ ውስጥ የቆሙ የሱፍ አበቦች ናቸው። ስድብ የለም፣ ሐሳብ ብቻ።

የሥዕል መምህሩ፦ እኔ አይሰቀል ባይ ነኝ። ሰዓሊው ለሆቴልም ለካፌም ይሽጥ፣ እንጀራው ነው። የሕዝብ መዋጮ ግን ሌላ ነገር ነው። የጦሳ ተራራ ከመስኮቱ እየታየ፣ መስከረም ሲጠባ ሜዳው አደይ እየለበሰ፣ ልጆቻችን ከስልክ የተገለበጠ የአርል አበባ ይዩ? ደግሞ ከስልክ የሚቀዳ ሰው ሥዕሉን ገና አላየውም። የዚያ ሥዕል ጉልበቱ የቀለሙ ውፍረት ላይ ነው። የአበባው መሃል ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ ፍሬ እስኪመስል ያበጠ ነው። ስክሪን ይህን አያሳይም።

ሰዓሊው (ሙጋድ ሰፈር)፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ቫን ጎግ የፈረንሳዊውን ሰዓሊ የዣን ፍራንሷ ሚሌን ሥራዎች ከምን የቀዳ ይመስልዎታል? ከጥቁርና ነጭ ህትመት ነው! ፈረንሳይ ሳን ሬሚ ታሞ ተኝቶ፣ ዋናው ሥዕል በሌለበት፣ ቀለሙን ከራሱ እየጨመረ። የሱፍ አበቦቹንም ራሱ ደግሟቸዋል። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው የነሐሴው ነው። አምስተርዳም ያለው በጥር 1889 እ.ኤ.አ. ያንኑ አስቀምጦ የሣለው ነው። ታዲያ የአምስተርዳሙን ማን «ግልባጭ ነው» ብሎ አወረደው?

የኮምቦልቻዋ፦ ራስን መድገምና ሰውን መድገም አንድ ሆነ እንዴ? ኧረ ተው ወንድሜ!

ቀለም ነጋዴው (ፒያሳ)፦ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት በእጅ የተሣለ መሆኑን አረጋግጡ። ገበያ ላይ «የእጅ ሥራ» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ሸራ ላይ የታተመ አለበት። ከላዩ ግልጽ ጄል በብሩሽ ይቀቡትና የተሣለ ይመስላል። ማወቂያው ከባድ አይደለም። ከጎን ብርሃን አብሩበት። የብሩሹ መስመር ከቅጠሉና ከአበባው ጋር አብሮ ካልሄደ ህትመት ነው። በማጉያ ሲታይ ጥቃቅን ነጥብ ካለውም አለቀ። ቻይና ሼንዘን ውስጥ ዳፈን የሚባል ሰፈር የታወቀው ሥዕል በእጅ በመቅዳት ነው፤ ቫን ጎግን ብዙ ቀድተዋል። ያም ቢሆን እጅ ነው፣ አትናቁት። ሌላው ደግሞ የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ነው የሚጠነክረው። ወፍራም ከሆነ ወራት ይፈጃል። በደሴ ጉም ደግሞ አብሽሩ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

የኮምቦልቻዋ፦ ወደኛ ላኩት፣ በሙቀቱ እናደርቅላችኋለን።

የሕግ ተማሪው፦ በቅጂ መብት በኩል ችግር የለም። በኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው ሠሪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ቫን ጎግ በ1890 እ.ኤ.አ. ሞቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ፊርማው ነው። የለንደኑ ሥዕል ማሰሮው ላይ «ቪንሰንት» ተብሎ ተጽፏል። ያንተ ላይስ አለ?

ሰዓሊው፦ አለ። የሥዕሉ አካል ነው። ካወጣሁት ማሰሮው ባዶ ይሆናል፣ ገዢውም «ጎደለ» ይላል።

የሥዕል መምህሩ፦ እዚህ ላይ አለቅህም። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ቁጭ ብለው የሚቀዱ ሰዎች አሉ፤ በፈቃድ ነው። ሸራቸው ከዋናው እኩል እንዲሆን አይፈቀድም። የሰዓሊውን ፊርማ መቅዳትም ክልክል ነው። ደንቡ የወጣው ቅጂውን ንቀው አይደለም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ቅጂው በማን እጅ እንደሚገባ ስለማይታወቅ ነው።

ቀለም ነጋዴው፦ ጋሼ፣ ደሴ ላይ «ዋናው እኔ ጋ ነው» ብሎ የሚያታልል ማን አለ? በ1987 እ.ኤ.አ. አንድ የጃፓን ኢንሹራንስ ኩባንያ ከሱፍ አበቦቹ ሥዕሎች አንዱን ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው የገዛው።

የቄስ ልጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። መቅደላ ሩቅ አይደለችም፣ እዚሁ ወሎ ናት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲገባ፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም አብሮ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ኵርዓተ ርእሱን ይዞ ሄደ። የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል፣ ነገሥታቱ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረው። እስካሁን አልተመለሰም። ሥዕሉ ራሱ ከአውሮፓ የመጣ ነው። ምን እንደሚመስል በአገራችን የቀረው የኛ ሰዓሊዎች ስለቀዱት ነው። ስለዚህ መቅዳትን እንዲህ አታዋርዱት።

የሥዕል መምህሩ፦ ልጄ፣ ይህ ለኔ ክርክር ነው የሚያግዘው። የኛ ሰዓሊዎች ሲቀዱ ዓይኑን በራሳቸው ወግ ሣሉት፣ ጽሑፉን በግዕዝ ጻፉት። የፈረንጅ ስም ከሥሩ የጻፈ የለም።

የሕግ ተማሪው፦ እሺ፣ «ቪንሰንት» ይውጣ። ከሸራው ጀርባ «ከቫን ጎግ የተቀዳ» ተብሎ የሰዓሊው ስምና ዓመቱ ይጻፍ። ይህ ያጣላል?

ሰዓሊው፦ ከጀርባ መጻፉ አያጣላም። ጋሼ ግን አደይ ሣል ይሉኛል። ሥያለሁ እኮ! ጦሳንም ሥያለሁ፣ ሰኞ ገበያንም። ሰው ያይና «ማሻ አላህ» ይላል፣ ያልፋል። ሱፉን ግን ዋጋ ይጠይቃል። የሚያውቀውን ነው የሚገዛው። ሸራና ቀለም የምገዛው ከሱፉ በማገኘው ብር ነው።

የሥዕል መምህሩ፦ ይኸው! ይህን ነበር የፈለግኩት። ሱፉን ሆቴሉም ካፌውም ይገዛልሃል፣ የኛ መዋጮ አያስፈልገውም። የሕዝብ ብር መሄድ ያለበት ገበያው ወዳለፈው ነው፣ ወደ አደይህ።

የኮምቦልቻዋ፦ ልጆቹስ? ለንደን ሄደው የማያዩትን እዚህ ቢያዩ ምን ነውር አለው? እኔ ይሰቀል ነው የምለው።

አወያይ፦ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አንድ ጥያቄ ለሰዓሊው። አደዩ አሁን አለ? በሱፉ ዋጋ ይሆናል?

ሰዓሊው፦ አለ። ግን ከሱፉ ይወደዳል።

የኮምቦልቻዋ፦ ስንት?

ሰዓሊው፦ ዋጋ በውስጥ መስመር።