ኢምፕላኖን የማስወጣት ነገር ቸግሮኛል፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ አዋላጅ ነርሶችም ካላችሁ። የምሠራው ገጠር ቀበሌ፣ ጤና ኬላ ላይ ነው። እኛ ኢምፕላኖን (ክንድ ላይ ከቆዳ ስር የሚቀበረውን የሦስት ዓመት የወሊድ መከላከያ) እናስገባለን፣ ማውጣቱ ግን የጤና ጣቢያ ሥራ ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ሴቶቹ ደክመው ሲደርሱ አንዴ የሠለጠነችው የለችም፣ አንዴ ማደንዘዣ አልቋል ይባላሉ። አንዷማ ሦስት ዓመቱ አልፏት፣ ልጅ ፈልጋ፣ ባሏም እየተቆጣባት መጥታ ክንዷን ገልጣ "አንቺው አስገብተሻል፣ አንቺው አውጪው" አለችኝ። ስዳብሰው ክብሪት እንጨት የምታህለው ነገር ከቆዳዋ ስር ትንቀሳቀሳለች። ሳልሠለጥን ምላጭ አላነሳም፣ ለእሷ ግን ሰበብ ነው የሚመስላት።

አሁን ወሬው ቡና ላይ ደርሷል፤ "ከገባ አይወጣም፣ ወደ ልብ ይሄዳል" እየተባለ ስለ ሦስት ወሩ መርፌና ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው ሉፕ ላስተምር ብል እንኳ የሚሰማኝ ጠፋ።

እናንተ ጋ የምታወጣዋን ባለሙያ በወር አንድ ቀን ጤና ኬላ ድረስ ማስመጣት ተችሎ ያውቃል? በማን በኩል ጠየቃችሁ፣ በደብዳቤ ነው በቃል? ማደንዘዣውንና ምላጩንስ ማን ይዞ ይመጣል? ሦስት ዓመቱ አልፎባቸው መውለድ ለማይፈልጉትስ እስኪወጣላቸው ኪኒን ነው ኮንዶም የምትሰጡት?

ሴትዮዋ ለገበያ ስትወጣ ሐሙስ ጎራ ትላለች፣ ከዚያ በፊት የምታውቁ መልሱልኝ።