የማህጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ፣ ሀዋሳ

ጠያቂ፦ ሰላም። እህቴ 34 ዓመቷ ነው፣ ምንም ሕመም የላትም። ምርመራውን ከየት ትጀምር? ምን ተዘጋጅታ ትሂድ?

መልስ 1፦ ሳያምም መሄድ ነው ትክክሉ። ቅርቧ ካለው ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ትጠይቅ፤ እዚያ ከሌለ ወደ አዳሬ ወይም ሪፈራል ሆስፒታል ያመሯታል። የወር አበባ ላይ ሆና አትሂድ፣ ደሙ እይታውን ይሸፍናል። ከ2 ቀን በፊት ጀምሮ ግንኙነትም፣ ወደ ውስጥ መታጠብም፣ በብልት የሚገባ መድኃኒትም ይቅር። ሰፊ ቀሚስ ይመቻታል።

መልስ 2፦ ምርመራው በአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ከሆነ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ ፈሳሽ የማህጸን በሩ ላይ ቀብተው 1 ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ። ትንሽ ያቃጥላል እንጂ አያምም። ነጭ ምልክት ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ እባካችሁ በዚህ አትደንግጡ! ቅድመ ካንሰር፣ ማለትም ገና ካንሰር ያልሆነ ግን ካልታከመ ወደዚያ ሊያድግ የሚችል ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ተስማሚ ከሆነ በዚያው ቀን በሙቀት ይታከማል። ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ውኃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ ለ4 ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ ግድ ነው። ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ከመጣ ቶሎ ትመለስ።

መልስ 3፦ ካረጡ በኋላ ይህ ዘዴ አያስተማምንም፣ መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ይገባል። ለእነሱ የኤች ፒ ቪ (የማህጸን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ጠይቁ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምራ፣ ቶሎ ቶሎ ትመርመር።