በጀልባ ላይ የምትቀመጥ ታጣፊ ትንሽ ጀልባ ስለመምረጥ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ክቡራን አንባቢያን፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ቤተሰቤን ይዤ የምጓዝባት 8 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ አለችኝ። ዳርቻው ድንጋያማ በሆነበት ስፍራ እርሷን ማስጠጋት ስለማልችል፣ መልሕቅ ከጣልሁ በኋላ ሰውና ዕቃ ወደ የብስ የምታደርስልኝ ትንሽ ጀልባ ፈልጌአለሁ። የደንገል ታንኳ ለአካባቢያችን የኖረ መፍትሔ ቢሆንም፣ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድና በየጊዜው ወጥቶ መድረቅ ስላለበት ለዚህ ጉዞ አልተመቸኝም፤ የእንጨት ጀልባ ከኋላ እየጎተቱ መሄድም ነፋስ ሲነሣ እጅግ ያስጨንቃል።

ያለኝ ባዶ ቦታ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በአየር የምትሞላዋን መርጫለሁ። የተቸገርሁት በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የተሠራችበት ነገር ነው፤ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ በዋጋ ይቀላል፤ ነገር ግን ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ብርቱው ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው እሰጋለሁ፤ ሃይፓሎን የተባለው ጎማ ፀሐይን በተሻለ ቢቋቋምም ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሊሆን ነው። በሸራ እየሸፈንሁ ብጠቀምበት ፒቪሲው ይበቃኝ ይሆን? ሁለተኛው የወለሏ ነገር ነው፤ በአየር የሚሞላው ወለል ቀላልና በትንሹ የሚጠቀለል ሲሆን፣ በዕድሜ የገፉት እናቴ ግን ሲወርዱ እግራቸው የሚጸናበት ጠንካራ ወለል ያስፈልጋቸዋል። ሁለቱንም የሞከራችሁ ብትኖሩ፣ የትኛው እንደሚሻል እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።