አስቸኳይ፦ የመርከብ ክፍል እስከ ሌሊት 6 ሰዓት መምረጥ አለብኝ። መስኮት አልባው ይሻላል ባለ ባልኮኒው?

ሄዊ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ለመርከብ ሽርሽር ይዘንላችኋል ያሉን ክፍል ዛሬ ከሰዓት “ሲስተሙ ጣለው” ተባልን። ሦስት ክፍል ብቻ ነው የቀረው፣ እስከ ሌሊት 6 ሰዓት ቅድመ ክፍያ ካልገባ እሱም ይሄዳል አለችኝ ኤጀንቷ። ቅድመ ክፍያው ደግሞ አይመለስም።
ሀ. 4ኛ ፎቅ፣ መሐል ላይ፣ መስኮት የለውም። ርካሹ እሱ ነው።
ለ. 7ኛ ፎቅ፣ መሐል አካባቢ፣ መስኮት አለው ግን “እይታው የተጋረደ” ይላል።
ሐ. 10ኛ ፎቅ፣ ከኋላ ጫፍ፣ ባለ ባልኮኒ። ከሀ በሰው 280 ዩሮ ይበልጣል።
የምንሄደው እኔ፣ እማዬና የ9 ዓመት ልጄ ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ መርከብ ላይ ወጥታም አታውቅም። የቱን ልያዝ? ስታዲየም ጋ ቢሮ ነኝ፣ መብራት የለም፣ የስልኬ ባትሪ እያለቀ ነው። ቶሎ በሉልኝ።

ናቲ ካዛንቺስ፦
ባለ ባልኮኒውን ነዋ! ባሕር ድረስ ሄደሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ልትተኚ ነው እንዴ?

የፒያሳዋ፦
በዚህ ብር እኮ ሐዋሳ ላይ ጀልባ ከነነጂው ትከራዪ ነበር። አሣውም ትኩስ ነው። ሰው ግን ምን ነካው?

ሄዊ፦
ሐዋሳ ሄደናል። የጠየቅኩት ስለ ክፍል ነው።

ቤቲ አራት ኪሎ፦
ሄዊ፣ የክፍሉን ቁጥር ብቻ አትዪ። የመርከቡን የፎቆች ፕላን ከድረ ገጹ አውርጂና ከላይና ከታች ምን እንዳለ እዪ። ጥሩ ክፍል ማለት ከላዩም ከታቹም መኝታ ክፍል ያለው ነው። የላይኞቹ ፎቆች ብዙ ጊዜ ከመዋኛው ወይም ከቡፌው ሥር ናቸው። አንቺ ተኝተሽ ገና ጎህ ሳይቀድ ወንበር ሲጎተት በጣሪያሽ ይሰማል። ከታች ቲያትር ወይም ጭፈራ ቤት ካለም እስከ እኩለ ሌሊት ዱም ዱም ነው።
“እይታው የተጋረደ” የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የነፍስ አድን ጀልባ መስኮቱ ፊት ተንጠልጥሎ ነው። ብርሃን ይገባል። ባሕሩን ግን በጀልባው ጎን በተረፈችው ክፍተት ነው የምታዪው። ለእኔ “ለ” መጥፎ አይደለም፣ ቢያንስ ሲነጋ ታውቂያለሽ። መስኮት አልባው መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ እናትሽ ሌሊት ሲነሱ እንዳይደናበሩ ትንሽ የሌሊት መብራት ያስፈልጋል።
ሌላ ደግሞ፣ ሀ ለሦስት ሰው ነው? ሦስተኛው አልጋ ብዙ ጊዜ ከጣሪያ የሚወርድ ነው። ለልጅሽ ሠርግና ምላሽ ነው፣ ግን መኖሩን ጠይቂ።

ጋሽ ባሕረኛ፦
ልጄ ሄዋን፣ ዕድሜዬን በንግድ መርከብ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና ታግሠሽ ስሚኝ። የመርከብ እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት አይደለም። አፍንጫውና ጭራው የሚነሣና የሚወድቅበት አለ። ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዘነብልበት አለ። የመጀመሪያው ጫፎቹ ላይ ይብሳል። ልጆች ረጅም ሳንቃ መሐሉን ግንድ ላይ አስደግፈው ሲጫወቱ አይተሽ ከሆነ፣ ዳርና ዳር የተቀመጡት ናቸው የሚዘሉት፣ መሐል ያለው ፈቀቅ አይልም። ሁለተኛው ደግሞ ከፍ ባልሽ ቁጥር ይጨምራል። የዛሬ መርከቦች ውኃው ውስጥ የሚዘረጋ ክንፍ አላቸው፣ ወደ ጎን ማዘንበሉን ይቀንሰዋል። የአፍንጫና የጭራውን መነሣት ግን ብዙም አያግዘውም። ሌላው ማወቅ ያለብሽ፣ መርከብ ላይ ቀኝና ግራ የሚባለው ፊትሽን ወደ አፍንጫው አዙረሽ ነው፤ ይህንን የማያውቅ መንገደኛ በኮሪደሩ ሲንከራተት ይውላል። እኛ ምጽዋ ሳለን አንድ ጀማሪ…

ናቲ ካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ ጥያቄው እኮ ሀ፣ ለ፣ ሐ ነበር። ሃሃሃ

ጋሽ ባሕረኛ፦
ሀ ነው። ግን ወሩንና ባሕሩን ሳትናገር እንዴት ይመከራል?

ሄዊ፦
ይቅርታ ጋሼ። የሚነሣው ነሐሴ 5 ነው፣ ከፒሬየስ፣ አቴንስ ማለት ነው። ሚኮኖስ፣ ኩሻዳሲ፣ ሮድስ፣ ቀርጤስ፣ ሳንቶሪኒ፣ ከዚያ ተመልሶ ፒሬየስ።

ጋሽ ባሕረኛ፦
ነሐሴ በኤጂያን ባሕር! ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ የሚበረታው ያኔ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እያቃጠለ ባሕሩ ሊናወጥ ይችላል። የኋላ ጫፍ፣ ያውም 10ኛ ፎቅ፣ ለእናትሽ አይሆንም።

ሮቤል፦
ዝቅ ያለ ፎቅ፣ መሐል ላይ። ሌላው ወሬ ነው።

ማሕሌት፦
ቆይ፣ ነሐሴ 5? ፍልሰታ እኮ ነው! እናትሽ ምን ሊበሉ ነው?

ዳዊት፦
መርከብ ላይ አሣ ሞልቷል።

ማሕሌት፦
አሣ በጾም አይበላም።

ዳዊት፦
ሲበላ ነው የኖረው። እኛ ቤት ይበላል።

ማሕሌት፦
እናንተ ቤት ስለተበላ ተፈቀደ ማለት ነው?

አድሚን፦
የአሣውን ክርክር እዚሁ ላይ ቁሙ። በየዓመቱ ነው የምትጣሉበት።

ቤቲ አራት ኪሎ፦
ሄዊ፣ ለጾሙ ከአሁኑ “ቪጋን” ብለሽ አስመዝግቢላቸው። “ቬጀቴሪያን” ካልሽ አይብና እንቁላል ይዘው ይመጣሉ። ስትገቡ ደግሞ የምግብ ቤቱን ኃላፊ አግኝተሽ በአካል ንገሪው። የነገውን ዛሬ ማታ ካዘዛችሁ ነገሩ ይቀላል።

ሳባ ሜክሲኮ፦
እናንተ ስለ አሣ ትጣላላችሁ፣ ዋናውን ነገር የጠየቀ የለም። ሄዊ፣ የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ ይዛችኋል? ኩሻዳሲ እኮ ቱርክ ናት።

ሄዊ፦
ቪዛውን ከከፈላችሁ በኋላ ነው የምናስገባው አለች ኤጀንቷ። የቱርክን ደግሞ ለብቻው።

ሳባ ሜክሲኮ፦
እንግዲያው ክፍሉን ለጊዜው ተይውና ይህን አንብቢ። ከፒሬየስ ስትነሡ ሸንገን ውስጥ ናችሁ። ኩሻዳሲ ስትደርሱ ወጥታችኋል። ሮድስ ስትደርሱ እንደገና ልትገቡ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል፣ አንድ መግቢያ ያለው አይበቃም።
ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በሚያዝያ 2016፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 2024፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ ገደብ ጥሏል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል። የተባለው በጊዜያዊነት ነው። ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ከኤምባሲው አረጋግጪ እንጂ ከኤጀንት አትስሚ። ገደቡ ካለ ይህ መስመር ለእኛ ፓስፖርት አይሆንም። ባልኮኒ ያዝሽ መስኮት አልባ ያዝሽ ለውጥ የለውም።

ሄዊ፦
ኩሻዳሲ ላይ ከመርከቡ ባንወርድስ? እዚያው ቁጭ ብንል?

ሳባ ሜክሲኮ፦
መርከቡ ራሱ ከቱርክ ወደብ ነው የሚመጣው፣ ግሪክ ሲገባ እንደ አዲስ ይፈተሻል። ደግሞም እዚያ ሳትደርሱ፣ የመርከብ ድርጅቱ ወረቀታችሁን ፒሬየስ ላይ ሲያይ አላሳፍርም ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት ስትቀሩ ደግሞ ገንዘብ አይመልሱም።

ናቲ ካዛንቺስ፦
ኧረ ሳቢ አታስፈራሪያት። የእኔ የአጎት ልጅ ሄዶ የለ እንዴ።

ሳባ ሜክሲኮ፦
በየትኛው ፓስፖርት?

ናቲ ካዛንቺስ፦
በካናዳ።

ሳባ ሜክሲኮ፦
እና?

የፒያሳዋ፦
ሐዋሳ ቪዛ አይጠይቅም። ዝም ብዬ ነው።

ሄዊ፦
በቃ ልተወው ማለት ነው? ለእማዬ እኮ ነግሬያታለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ሳባ ሜክሲኮ፦
መርከቡን አትተዪ፣ መስመሩን ቀይሪ። ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ጄኖቫ፣ ሲቪታቬኪያ (የሮም ወደብ ናት)፣ ፓሌርሞ፣ ቫሌታ፤ እነዚህ ሁሉ ሸንገን ናቸው። አንድ ጊዜ ገብተሽ አንድ ጊዜ ትወጫለሽ። ክሮኤሽያም በፈረንጅ ከ2023 ጀምሮ ገብታለች። ቱኒስ ወይም ኢስታንቡል የተሰነቀረበትን ብቻ ዝለዪ። ቪዛውን የምትጠይቂው ብዙ ቀን የምትቆዪበትን አገር ነው፣ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቢበትን። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ለልጅሽ 45 ነው። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ማሕሌት፦
የልጁ አባት አብሮ የማይሄድ ከሆነ ፈቃዱን ውልና ማስረጃ ሄዶ ይፈርም። ለቪዛውም ይጠየቃል፣ ቦሌም ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ይህ ወረቀት መጨረሻ ቀን ላይ ነው ሰው የሚያስታውሰው።

ሮቤል፦
ደግሜ ልበል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ መሐል ላይ።

ኪያ፦
ጀበናና ከሰል ይዞ መግባት ይቻላል? ቁም ነገሬን ነው። እናቴ ያለ ቡና አትንቀሳቀስም።

ቤቲ አራት ኪሎ፦
ከሰሉን እርሺው! ዕጣንም፣ ሻማም፣ ምድጃም፣ የልብስ ካውያም በር ላይ ይወስዱታል። መርከብ ላይ ትልቁ ፍርሃት እሳት ነው። ቡናውን ቆልተሽ ፈጭተሽ ያዢ፣ የፈላ ውኃ ቡፌው ላይ አለ። ቅቤና ቋንጣ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቡ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ነው የሚጣለው።

ኪያ፦
የእናቴን ቅቤ ሊጥሉ? እዚያው ተቀብተንው እንገባለን።

ቤቲ አራት ኪሎ፦
ሃሃሃ። ሄዊ፣ የትኛውም መርከብ ላይ ብትሄዱ የሚጠቅምሽን ልጨምርልሽ። ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ትሰጫለሽ፣ ክፍልሽ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። የእናትሽ መድኃኒት፣ ፓስፖርቶቹ፣ ቅያሪ ልብስና የልጁ የዋና ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። መርከቡ በሚነሣበት ቀን አቴንስም ሆነ ባርሴሎና እንዳትደርሺ፣ አንድ ቀን ቀደም በዪ። አውሮፕላን ቢዘገይ መርከብ አይጠብቅም።
ሰዓቱን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር እንዳታነቢው። 15፡00 ቢል ቀን 9 ሰዓት ነው። የጓደኛዬ እናትና አባት በዚህ ተጨቃጭቀው ወደቡ ላይ የደረሱት ድልድዩ ሊነሣ ሲል ነው። ስልካችሁንም መርከቡ ሲነሣ የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ባሕር ላይ ያለው ኔትወርክ በሳተላይት ስለሆነ ዋጋው እሳት ነው።

ጋሽ ባሕረኛ፦
ለማቅለሽለሹ ዝንጅብል ይረዳል። ኪኒንም አለ፣ የሚዋጠው ግን ማጥወልወል ከመጀመሩ በፊት ነው፣ እንቅልፍም ያመጣል። እናትሽ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ። ሲብስባቸው ክፍል ውስጥ አይተኙ። ወደ ውጭ አውጪያቸውና ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ይመልከቱ።

ዳዊት፦
ሳንቶሪኒ ብትሄዱም እናትሽ ይቸገሩ ነበር። ትልቁ መርከብ ወደብ ላይ አይጠጋም፣ በትንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዱት። ከዚያ ሽቅብ ወይ በኬብል መኪና፣ ወይ በአህያ፣ ወይ ከ500 በላይ ደረጃ በእግር። የመርከብ መንገደኛ ላይም በፈረንጅ ከ2025 ጀምሮ በሰው እስከ 20 ዩሮ የሚደርስ ቀረጥ ጥለዋል። አሣ ግን ጥሩ ነው።

ማሕሌት፦
ዳዊት!

ሄዊ፦
እሺ። ኤጀንቷ ጋ ስደውል አታነሣም። ቴሌግራም ላይ “ብዙ መግቢያ ቪዛ ካላገኘን ቅድመ ክፍያው ይመለሳል ወይ? በጽሑፍ ንገሪኝ” ብዬ ጻፍኩላት። አይታዋለች፣ አልመለሰችም። ወደቦቹ ሁሉ ሸንገን የሆኑበት መስመር አላት ወይ ብዬም ጠየቅኩ። ባትሪዬ 3 ፐርሰንት ነው።

ሳባ ሜክሲኮ፦
በጽሑፍ ካልመለሰች ሳንቲም እንዳትልኪ። ክፍል ዛሬ ያልቃል፣ ነገ ሌላ መርከብ ላይ ይገኛል። አዲሱ መስመር ላይ ግን ክፍል ስትመርጪ ጋሼ ያሉሽን ያዢ።

ናቲ ካዛንቺስ፦
እኔ አሁንም ባልኮኒ ነው የምለው።

ሮቤል፦
ዝቅ ያለ ፎቅ፣ መሐል ላይ።

የፒያሳዋ፦
ሄዊ፣ ያቺን 7ኛ ፎቅ ካልወሰድሻት የኤጀንቷን ስልክ በውስጥ ላኪልኝ። ለእህቴ ነው፣ የጣሊያን ፓስፖርት አላት።