የኢትዮጵያ እርሻ እዚሁ ተጀመረ ወይስ ከውጭ ገባ?

የታሪክ መምህር፦ ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ተዘዋውሮ ሲያይ በገብስና በስንዴ ዝርያዎች ብዛት ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መድቧታል። ምደባው ቢያኮራንም የዝርያ ብዛት ብቻውን መነሻን አያረጋግጥም። የሁለቱ ሰብሎች የዱር ዘመዶች የሚበቅሉት በመካከለኛው ምሥራቅ እንጂ በእኛ ደጋ አይደለም፤ ስለዚህ እርሻ ከነዘሩ ቀይ ባሕርን ወይም የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ገባ የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ።

የእርሻ ባለሙያ፦ መምህር፣ ስለ ገብስና ስንዴ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ከሁለት ሰብል ተነሥቶ ስለ እርሻ ሁሉ መደምደም ግን አያስኬድም። ጤፍና እንሰት የተላመዱት እዚሁ ነው። እስቲ ያስቡት፤ የስንዴ ዘር በጎተራው ያለው ገበሬ፣ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነን፣ በነፋስ የሚበንን የዱር ሣር ፍሬ ለቅሞ ለማላመድ ለምን ይደክማል? ጤፍ ቀድሞ በእጁ ካልነበረ በቀር ምክንያት አይታየኝም።

የታሪክ መምህር፦ ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። በአክሱም አጠገብ ጎበድራ በተባለው የዓለት መጠለያ የተገኘው የዳጉሳ ፍሬ መጀመሪያ እጅግ ጥንታዊ ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ፍሬው ራሱ ዕድሜው በካርቦን ሲለካ ግን ከላይኛው አፈር ወደ ታች የገባ፣ የብዙ ዘመን ታናሽ ሆኖ ተገኘ።

የእርሻ ባለሙያ፦ የፍሬ ማስረጃ ብቻ የምንጠይቅ ከሆነ እንሰትን ከክርክሩ አስቀድመን አስወጣነው ማለት ነው። እንሰት የሚባዛው በፍሬ ሳይሆን ከተቆረጠው አምቾ (ከመሬት በታች ካለው ወፍራም ሥሩ) ዙሪያ በሚያቆጠቁጡ ችግኞች ነው። ብዙውን ጊዜ ሳያብብ ይቆረጣል፤ ግንዱ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይብላላል፣ ቆጮ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ሂደት እሳት ነክቶት ከስሎ ለሺህ ዓመታት የሚቆይ ፍሬ የለም። የከሰለ ፍሬ የሚፈልግ ቁፋሮ የእህል አገር ለሆነው ሰሜን ያደላል፤ ደቡቡ ባዶ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። በቅጠሉ ውስጥ የሚፈጠሩት ደቃቅ የሲሊካ ቅሪቶች ግን ቅጠሉ ከበሰበሰ በኋላም አፈር ውስጥ ይቆያሉ፤ ፍለጋው ወደዚያ ይዙር።

የታሪክ መምህር፦ ይዙር። ነገር ግን የዱሩ እንሰትም በደቡብ ምዕራብ ስለሚበቅል፣ የተገኘው ቅሪት የጓሮ ተክል እንጂ የጫካ አለመሆኑ መለየት አለበት፤ ዕድሜውም እንደ ዳጉሳው በቀጥታ ይለካ።