ማር ከመኝታ በፊት፦ የእናቴን እንቅልፍ ይመልስ ይሆን?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የ63 ዓመት እናቴ ከገና ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች፤ በጊዜ ብትተኛም እኩለ ሌሊት ላይ ትነቃና እስኪነጋ ስትገላበጥ ታድራለች። የእንቅልፍ ክኒን ስለማትፈልግ፣ ጎረቤቶቻችን አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር በሞቀ ወተት እንድትወስድ መክረዋታል። አሁን ግን ዐቢይ ጾም ገብቷልና ወተቱ አይሆንም። ማሩ ብቻውን ይጠቅማልን? ነጩ ይሻላል ወይስ ቀዩ?

ንብ አናቢ፣ ከዳባት፦
ማር ሸጬ የማድር ሰው ነኝ፤ ሆኖም እንቅልፍ ያመጣል ብዬ ለማንም ሸጬ አላውቅም። ቀለሙን በዋናነት የሚወስነው ንቧ የቀሰመችው አበባ ስለሆነ፣ ነጭና ቀይ ብለው አይጨነቁ። በብርድ የረጋውንም ስኳር ተቀላቅሎበታል ብለው አይጠራጠሩ፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። በጾም ጊዜ ጦስኝ ያፍሉና ለብ ሲል ማሩን ይጨምሩበት፤ በፈላው ላይ ከተጨመረ መዓዛው ይጠፋል።

ነርስ፣ ከጎንደር፦
ማር ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ስኳር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። በጉበት የሚከማቸውን ስኳር ሞልቶ ሌሊት ከመንቃት ያድናል የሚለው በሰፊው የሚነገር ማብራሪያ በሚገባ አልተረጋገጠም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው እንቅልፍ የሚነሳው ሳል ሲሆን ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ጉንፋን የያዛቸው 105 ልጆች የተካፈሉ ሲሆን፣ ከመኝታ በፊት ማር የተሰጣቸው ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ሳላቸው ቀሎላቸው የተሻለ ተኝተዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት እናትዎን የሚቀሰቅሳቸው ነገር ነው። ለሽንት የሚነሡና ውኃ የሚጠማቸው ከሆነ፣ ማሩን ከመጀመራቸው በፊት የደም ስኳራቸውን ያስለኩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከዚህም 17 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ቡናስ በስንት ሰዓት ይጠጣሉ? የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ የተጠጣው አቦል ግማሽ ኃይሉ እኩለ ሌሊት ላይ ገና አልወጣም። በቤቱ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ደግሞ ማር ፈጽሞ አይቅመስ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመነጫል።

ሌላ አንባቢ፦
አባቴ ለእንቅልፍ ብለው ማታ ማታ ጠጅ ይጠጣሉ። ይኸም ማር ነውና አይረዳም?

ነርስ፣ ከጎንደር፦
ጠጅ ቶሎ ያስተኛል፣ ነገር ግን አልኮሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። የማሩን ጣዕም ከወደዱት ያልፈላ ብርዝ ይሻላቸዋል።

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ጠየቅኋት፤ በሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ትነሣለች፣ የማታ ቡናዋም እስከ በረካ ድረስ ነው። ነገ ጠዋት ስኳሯን አስለካለሁ። የስምንት ወር ልጄንም ማሩን በጣቷ ስታልሰው ነበርና፣ የማሩን ዕቃ ዛሬውኑ ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።