ለስትራቴጂ ጌም ማውስ ብቻ ወይስ ሁሉም በለመደው? (የሰፈር ክርክር)

የአራዳ ልጅ፦ ሰላም ጎንደሮች። ከጥምቀት በኋላ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጌም ቤት የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 (ሰራዊትና ከተማ እየገነባህ የምትዋጋበት ጌም፣ ባጭሩ ኤጅ) ውድድር ሊያደርግ ነው፣ ባለቤቱ ግን በማውስና በኪቦርድ ብቻ ነው የምትጫወቱት ብሏል። ግማሹ ልጅ ደሞ ፊፋ ላይ ያደገ ነው እጁ የለመደው ጆይስቲክ ነው። ህጉ ልክ ነው ወይስ ሁሉም በለመደው ይግባ? በሉ ተናገሩ

ማራኪ፦ ልክ ነው፣ ምኑ ያከራክራል። የድሮው የስትራቴጂ ጌም ዱን 2 በ1992 ሲወጣ እንኳ ወታደሩን ክሊክ፣ ትእዛዙን ክሊክ፣ ቦታውን ክሊክ ነበር። ከዛ ኮማንድ ኤንድ ኮንከር በ1995 መጣ፣ በማውስ ሳጥን ስለህ ሰራዊቱን በአንዴ መያዝ። ጆይስቲክ ይዘህ ካርታው ላይ ጠቋሚ ስትነዳ እኮ በቅሎ ጎትተህ ዳገት እንደማውጣት ነው 😂

አዘዞ፦ ኧረ ተው አንተየ። ሄሎ ዋርስ የሚባለው ስትራቴጂ ጌም በ2009 ለኤክስቦክስ 360 (ቲቪ ላይ ለሚሰካው የጌም ማሽን) ሲሰራ በጆይስቲክ ነው የተሰራው፣ ያውም የሰራው ኤጅን የሰራው ያው ኢንሳምብል ስቱዲዮስ ነው። ኤጅ 2 ራሱም በ2023 ኤክስቦክስ ላይ ወጥቷል። ሰሪዎቹ የፈቀዱትን የኛ ጌም ቤት ምን አግብቶት ይከለክላል

ማራኪ፦ እሱን ስላነሳህ ደስ አለኝ። ሄሎ ዋርስ ላይ ህንጻ የምትሰራው በተመደበለት ቦታ ብቻ ነው፣ የትም አትተክልም፣ ለምን፣ ጌሙን ከመጀመሪያው ለጆይስቲክ ስላሰቡት። ኤጅ 2 ግን የ1999 ጌም ነው፣ ከማውስ ጋር የተወለደ። ኤክስቦክስ ላይ ሲያስገቡት ገበሬው በራሱ ስራ እንዲከፋፈል የሚያደርግ ሲስተም ጨመሩለት፣ እጅ ስለማይደርስ እኮ ነው ወንድምየ! እና እኛ እዚ መቼም ሁላችንም ኢትዮጵያን ነው የምንይዘው፣ ሾቴል የሚባለው የኢትዮጵያ ወታደር ደሞ ከካስል (ከምሽጉ) ቶሎ ቶሎ ነው የሚወጣው፣ ጦርነት መሀል ሆነህ ካስልህን በቁጥር ካላሰርከው (ኮንትሮልና 4 ምናምን፣ ከዛ ቁጥሩን ስትጫን ይመረጥልሃል) ተመልሰህ ካስል ፍለጋ ካርታ ስታስስ ወታደርህ አልቆ ይጠብቅሃል

ዶርም ያለችው፦ እናንተ ስለ ማውስና ጆይስቲክ ትጨቃጨቃላችሁ እኛ ታች ፓድ ላይ ነን 😭 ሲቪላይዜሽን 6 ከሆነ ችግር የለውም፣ በተራ ስለሆነ ተኝቼም እጫወታለሁ ማንም አያጣድፈኝም። ኤጅ ላይ ግን ሾርትከት ስጫን ታች ፓዱ ለትንሽ ይደርቃል፣ ለካ ብዙ ላፕቶፕ ስትጽፊ መዳፍሽ እንዳይነካው ብሎ ራሱ ነው የሚያጠፋው፣ ሴቲንግ ገብቼ እስካገኘው ሁለት ሳምንት ተሸንፌያለሁ። አንድ ቀን ደሞ የአማርኛ መጻፊያውን ሳላጠፋ ገብቼ ኤች ስጫን ታውን ሴንተር (ዋናው ህንጻ) አልመጣ አለኝ፣ ኪቦርዱ ተበላሸ ብዬ ልሸጠው ነበር

አዘዞ፦ 😂😂 እህትየ አንቺ ግን ከኔ ጋር ነሽ ወይስ ከሱ?

ዶርም ያለችው፦ በተራ ለሚሆን ጌም ካንተ ጋር፣ ለኤጅ ከሱ ጋር። ጆይስቲክ ለያዘ ግን ለብቻ ምድብ ቢኖር ምን ይጎዳል

ጥገና ቤቱ፦ ልጆች እኔ ጌም አልጫወትም፣ ግን የዛን ቤት ማውሶች የማድሳቸው እኔ ነኝ። የግራው ቁልፍ ስር ያለችው ማብሪያ ስትደክም አንዴ ተጭነሽው ሁለቴ ይቆጥራል። ግማሾቹ እንደዛ ናቸው፣ አዲስ ግዛ ብለው አልሰማኝም

የአራዳ ልጅ፦ ጋሼ ይሄን ቀድመው ቢነግሩን!! ኤጅ ላይ እኮ ሁለቴ ክሊክ ማለት ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ አይነት ሁሉ ተያዘ ማለት ነው። እኔ ባለፈው አንድ ገበሬ እንጨት ልልክ ብዬ እርሻ ላይ ያለው ሁሉ ማረሻውን ጥሎ ጫካ ገባ፣ እጄ ነው ብዬ ተሳድቤ ወጣሁ

አዘዞ፦ ይኸው! በተበላሸ ማውስ ከምሸነፍ በራሴ ጆይስቲክ ብሸነፍ አይሻልም?

ማራኪ፦ እሺ እዚ ላይ አልከራከርህም። ህጉ ይቁም ግን ማውሱን ያድስ፣ ካልሆነ ሰው የራሱን ይዞ ይግባ። የተበላሸ ሰጥቶ ማውስ ብቻ ማለት ግን ግፍ ነው። መብራት ከጠፋ ደሞ ጨዋታው እንዴት እንደሚቆጠር ጠይቀው በዛው

የአራዳ ልጅ፦ አሁን ደወልኩለት። የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ ብሏል፣ ጆይስቲክ አሁንም አይሆንም። ለመብራቱ ሳስብ እነግርሃለሁ ብሎ ዘጋው

አዘዞ፦ በሉ እሺ ተሸነፍኩ። እስከ ቅዳሜ ማውስ የሚያውሰኝ አለ? ከአዘዞ መጥቼ እወስዳለሁ